ሮግ ልግዛ ለምትሉኝ

«አንቺ ሮግ አይደል የምትነጂው? እንዴት ናት? ልግዛ?»

ሮግ የሚሏት የኒሳን የቤተሰብ መኪና ናት፤ ስለሷ ይህ ስልክ በወር ሁለት ሦስቴ ይደወልልኛል። ደዋዩ ወይ ኡበር ሊጀምር ያሰበ ዘመድ ነው፣ ወይ ሁለተኛ ልጅ ወልዳ ኮሮላዋ የጠበበቻት ጓደኛ፣ ወይ ደግሞ መንጃ ፈቃዱን ትናንት ያወጣ፣ ከመጣ ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ። ሁሉም ያዩት አንድ ነገር ነው። ዋጋዋን። ከሆንዳ ሲአርቪና ከቶዮታ ራቭ ፎር ጎን ቆማ፣ በተመሳሳይ ዓመትና በተመሳሳይ ማይል፣ ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ሺህ ዶላር ትረክሳለች። መልኳም አይከፋም። የሰው ልብ ይሸፍታል፣ አልፈርድም፣ የኔም ሸፍቷል።

በስልክ አውርቼ አልጨርሰው ስላልኩ ልጻፈው። አንዳንዱ የኔ የራሴ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሪኮል (ጉድለት ተገኝቶባቸው ለጥገና የሚጠሩ መኪናዎች) መዝገብና ባለቤቶች ለአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት ካስገቡት አቤቱታ ያነበብኩት።

የኔዋ 2017 ሮግ ኤስቪ ናት፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳዋ። ከአራት ዓመት በፊት 52 ሺህ ማይል ላይ ገዛኋት፣ አሁን 101 ሺህ አልፋለች። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፣ ሥራዬ ዲሲ፤ ጠዋትና ማታ ሀይዌይ 395 ላይ መንፏቀቅ ነው። ሟርት አይሁንብኝና እስካሁን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም።

ወንበሯ ግሩም ነው። ይህን ስል የማጋነን የሚመስላችሁ ኖርዝ ካሮላይና ድረስ ነድታችሁ ወገባችሁን ሳትይዙ ወርዳችሁ እዩ። የኋላ በሮቿ በደንብ ወለል ብለው ስለሚከፈቱ የልጅ ወንበር ማስገባት እንደ ሌሎቹ ትግል የለውም። ጭነት ክፍሏ ውስጥ የሚነሱና የሚቀመጡ መደርደሪያዎች አሉ፣ ሰው ብዙም አያያቸውም፣ እኔ ግን ለነሱ ስል ብቻ እወዳታለሁ፦ ለማኅበር ተራዬ ሲደርስ ሁለት ትልልቅ ድስት ወጥ ታች፣ እንጀራው ላይ፣ አንዲት ጠብታ ሳይፈስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እገባለሁ። ቤንዚንም አትበላም። በወረቀት ላይ ከተማ ውስጥ በጋሎን 25 ማይል፣ ሀይዌይ ላይ 32 ነው፤ እኔ በዚህ ትራፊክ 24 አገኛለሁ፣ ቅር አይለኝም። ጉልበት ግን አትጠይቋት። 2.5 ሊትር፣ 170 የፈረስ ጉልበት ነው ይላሉ፣ ፈረሶቹ ግን ዳገት ሲያዩ ይማከራሉ።

ለምን መዝገብ እንደምቆፍር ደግሞ ልንገራችሁ። ከሮግ በፊት የሌላ ፋብሪካ መኪና ነበረችኝ፣ ስሟን አላነሳም፣ እሷም በቁመትም በመደብም ከሮግ ጋር እኩያ። ሞተሯ ዘይት ይበላ ነበር። «እቺ መኪናሽ ከቤንዚኑ ይልቅ ዘይቱን ነው የወደደችው» ትለኝ ነበር እናቴ፣ እኔም እየሳቅኩ ኮፈን ከፍቼ እጨምር ነበር። አንድ ቅዳሜ ለሠርግ ወደ ሻርሎት ስንሄድ፣ ሀይዌይ 85 ላይ፣ ሞተሩ ቋ ቋ ቋ አለና ዝም አለ። እናቴ በጥልፍ ቀሚሷ፣ እኔ በባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ፣ የመንገድ ዳር ሣር ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጎታች መኪና ጠበቅን። እናቴ ውዳሴ ማርያሟን ጨርሳ እንደገና ጀመረች። ሙሽሮቹ ሲገቡ ያየነው በስልክ ቪዲዮ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመኪና ስም ደንታ የለኝም። «የትኛው ዓመት? የትኛው ሞተር? የትኛው ካምቢዮ?» ብቻ ነው የምለው።

እናም ወደ ካምቢዮው። ሮግ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሱ ነው።

ሮግ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ የሚቀያየር ማርሽ የላትም። ሲቪቲ የሚሉት ነው ያላት፤ የሚሠራው ጃትኮ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ነው፣ ትልቁ ባለድርሻው ራሱ ኒሳን። ውስጡ ሁለት መዘውሮች አሉ፣ በመካከላቸው ከትናንሽ የብረት ቅጠሎች የተሰካካ ቀበቶ። መዘውሮቹ እየጠበቡና እየሰፉ ፍጥነቱን ይለውጣሉ። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የወፍጮው ቀበቶ ሲላላ ምን ይሆናል? ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ ሰፈሩ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ባለወፍጮው መጥቶ ይወጥረዋል። እዚህ ግን ብረት በብረት ላይ ነው። ወጣሪው ደግሞ ዘይቱ ነው። ዘይቱ በግፊት መዘውሮቹን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ዘይቱ ሲያረጅ ወይም ከመጠን በላይ ሲሞቅ ጭምቁ ይላላል፣ ቀበቶው ይንሸራተታል፣ መዘውሩን ይፍቃል፣ የተፋቀው የብረት ብናኝ እዚያው ዘይት ውስጥ ይገባና ግፊቱን የሚቆጣጠረውን ክፍል ያበላሻል። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ነው።

ባለቤቶቹ የሚጽፉት አቤቱታ ሲነበብ አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል። በሰዓት ከ20 እስከ 40 ማይል መካከል ቀስ ብለው ሲነዱ መኪናዋ ትንዘፈዘፋለች፣ የመንገድ ዳር ጎድጓዳ መስመር ላይ የወጡ ያህል። ቤንዚን ሲረግጡ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። በበጋ፣ ረጅም ዳገት ላይ፣ ሀይዌይ መሀል ኃይሏ ድንገት ይወርድና ነጂው በቀኝ በግራ እየተጮኸበት 35 ማይል ላይ ይቀራል፤ ይህ የመጨረሻው ካምቢዮው ከሙቀት ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ነው። ኒሳን ለጋራዦቹ በላከው መመሪያ ውስጥ ከዚህ መንዘፍዘፍ ጋር የሚሄዱ ሁለት ኮዶች አሉ፣ ፒ17ኤፍ0 እና ፒ17ኤፍ1። ስካነር ያለው መካኒክ ጋ ስትሄዱ እነዚህን በስማቸው ጥሩ። የመጀመሪያው ከወጣ የከፋው ነው፣ ሙሉ ካምቢዮ መቀየር ማለት ነው።

ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር። በጋራ በቀረበ ክስ ስምምነት ኒሳን ከ2014 እስከ 2018 ላሉት ሮጎች የካምቢዮውን ዋስትና ከ60 ወር ወይም 60 ሺህ ማይል ወደ 84 ወር ወይም 84 ሺህ ማይል አሳደገው። ሻጮች ይህን ሲያወሩ ጥሩ አድርገው ያወሩታል፦ «ዋስትናው ተራዝሟል እኮ!» ተራዝሟል፣ አዎ። ቁጠሩት እስኪ። 84 ወር 7 ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም መጀመሪያ ከተሸጠችበት ቀን ነው፣ እናንተ ከገዛችሁበት አይደለም። 2015 እና 2016 ሞዴሎቹ ዓመቱ ካለፋቸው ቆይቷል፤ ዘግይተው ተሸጠው ዓመቱ ካላለፋቸው ደግሞ ብዙዎቹን ማይሉ ቀድሟቸዋል። ስለዚህ ያ ዋስትና ዛሬ ለሚገዛ ሰው ታሪክ ነው።

የገዛሁበትን ቦታ ስም አልጠቅስም፣ ግን ሻጩ ያለኝን አልረሳውም። የካምቢዮው ዘይት መቼ እንደተቀየረ ስጠይቀው ፈገግ ብሎ «የሲቪቲ ዘይት እኮ አይቀየርም፣ እድሜ ልክ ነው» አለኝ። መስኮቱ ላይ ደግሞ «እንዳለች» የሚለው ሳጥን ምልክት የተደረገበት ወረቀት ተለጥፏል። ይህ ወረቀት በፌዴራል ሕግ እያንዳንዱ የአሮጌ መኪና ነጋዴ መስኮት ላይ መለጠፍ ያለበት ነው፣ አንብቡት፤ «እንዳለች» ማለት ከግቢው ወጥታ ጥግ ላይ ብትቆም ችግሩ የናንተ ነው ማለት ነው።

ወደ መካኒኬ ወሰድኳት። እኛ ሠፈር ያሉ ሰዎች ሁሉ ጋሼ ነው የሚሏቸው፣ አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲፈቱ ኖረው እዚህ የመጡ።

«ጋሼ፣ ዘይቱ እድሜ ልክ ነው አለኝ።»

«የማን እድሜ ልክ? የአንቺ ነው የካምቢዮው?»

ስቄ ዝም አልኩ። እሳቸው አልሳቁም። መኪናዋን ግማሽ ሰዓት ሀይዌይ ላይ ነድተዋት መጡ፣ ምክንያቱም፣ እንዳሉኝ፣ ሲቪቲ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ጨዋ ነው። ከዚያ ሠፈር ውስጥ በሠላሳ ማይል፣ ቤንዚኑን እንቁላል እንደሚረግጥ ሰው ቀስ እያሉ፣ ዳገቷን ሦስቴ ወጧት። ስካነር ሰኩ። ኮድ የለም። ዘይቱን አወጡትና በነጭ ጨርቅ ላይ አሳዩኝ፣ ጠቁሯል፣ ብናኝ ግን የለውም። «ተርፋለች» አሉ። «በየ30 ሺህ ትቀይሪያለሽ። ኒሳን ራሱ የሚለውን ኤንኤስ-3 ብቻ። ሌላ ዘይት ይዘሽብኝ እንዳትመጪ፣ እንዳንጣላ።»

ሁለቴ ቀይሬያለሁ። በየጊዜው 200 ዶላር አካባቢ ይወጣል። ሙሉ ካምቢዮ ግን ስንት እንደሆነ ሦስት ቦታ ጠይቄያለሁ፣ ከ4 ሺህ ዶላር በታች ያለኝ የለም። የሮግ ርካሽነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሲአርቪ የተረፋችሁ ሦስት ሺህ ዶላር ትርፍ አይደለም፣ ካምቢዮው እንደ እቁብ ተራው ደርሶ ሊጠይቃችሁ የሚችለው ገንዘብ ነው። ላይደርስም ይችላል። ግን ብሩን ከበላችሁት በኋላ ቢደርስ ነው ክፋቱ።

ሪኮሎቹን ደግሞ ባጭሩ። ከ2014 እስከ 2016 ያሉት ሮጎች ላይ፣ በሾፌሩ እግር በኩል ያለ የኤሌክትሪክ ሶኬት ነበር ጣጣው። ክረምት ላይ በረዶና ጨው በጫማችን ይዘን እንገባለን፣ ውሃው ምንጣፉ ስር ይገባና ሶኬቱን ያዝገዋል፣ እሳት እስከማስነሳት ይደርሳል። በ2022 መጀመሪያ ላይ ካናዳን ጨምሮ ወደ 793 ሺህ ሮጎች ተጠርተዋል። ምልክቱ አስቂኝ ነው፦ የሾፌሩ መስኮት እምቢ ይላል፣ ወይ ወንበሩ አይንቀሳቀስም፣ ወይ ባትሪ ያለምክንያት ያልቃል። እና ሰው መስኮቱን አሰርቶ ይሄዳል። ፍሎሪዳ ወይም ቴክሳስ ከኖረች መኪና ይልቅ ሜኒሶታ ወይም እዚህ እኛ ጋ የከረመችውን ምንጣፏን ገልጣችሁ እዩ።

ከ2014 እስከ 2020 ያሉት ውስጥ ደግሞ ቁልፋቸው የሚታጠፍ አለ፣ ርካሾቹ። ቁልፉ መታጠፊያው ላልቶ እየነዱ ሳለ ሊታጠፍ ይችላል፣ የሾፌሩ ጉልበት ከነካው ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል። ይህም በ2023 ተጠርቷል። የኔ በአዝራር ስለምትነሳ አይመለከታትም። እናንተ ግን የቤት፣ የሱቅ፣ የእናት ቤት፣ የፖስታ ሳጥን ቁልፍ ሁሉ አንድ ላይ አንጠልጥላችሁ እንደምትነዱ አውቃለሁ፣ አሳንሱት። 2017 እና 2018 ላይ ደግሞ በራሱ ፍሬን የሚይዘው ዘዴ ምንም በሌለበት ይይዛል የሚል አቤቱታ በዝቶ መንግሥት በ2019 ምርመራ ከፍቶ ነበር፤ አንዳንድ ድልድይ፣ የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ፣ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ የትራፊክ መብራት ነበር የሚያደናግረው። ሶፍትዌር የሚታደስበት መንገድ አለ፣ ስትገዙ ተደርጎላት እንደሆነ ጠይቁ።

አንድ ነገር ሰው ሲያምታታ እሰማለሁ። ሪኮል ሌላ ነው፣ ኩባንያው ለጋራዦቹ የሚልከው የጥገና መመሪያ ሌላ ነው። ሪኮል የደህንነት ጉዳይ ስለሆነ በነፃ ይሠራላችኋል፣ ሁለተኛም ሦስተኛም ባለቤት ብትሆኑ። የካምቢዮው መንዘፍዘፍ ግን ያለው በመመሪያው ውስጥ ነው፤ ዋስትናው ካለቀ ከኪሳችሁ። ስለዚህ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የመኪናዋን መለያ 17 ፊደልና ቁጥር አስገብታችሁ «ክፍት ሪኮል የለም» ቢላችሁ፣ ካምቢዮው ደህና ነው ማለት አይደለም። ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው። የቨርጂኒያ ዓመታዊ ምርመራም ቢሆን እንደ አገራችን ቦሎ ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ ነው የሚያየው፣ ካምቢዮ ውስጥ አይገባም። መስታወቱ ላይ ያለውን አዲስ ተለጣፊ አይታችሁ እንዳትጽናኑ።

«አዲሱ ሞዴል ይሻላል?» መልኩ ይሻላል፣ ውስጡም። ግን ከ2022 ጀምሮ የገባው ባለ ሦስት ሲሊንደር 1.5 ሊትር ቱርቦ ሞተር የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ፤ የሞተሩ ኩሽኔታዎች ሊበላሹ ይችላሉ ተብሎ በ2025 ሮግን ጨምሮ ከ440 ሺህ በላይ መኪናዎች ተጠሩ። አንድ ሰው ያንን ሲነግረኝ እንደዚያ ሀይዌይ 85 ላይ እንደቆምንበት ቀን ሆዴን ቆረጠኝ።

የሌሎቹን ስም ስለማነሳ ደግሞ እነሱ መላእክት አይምሰሏችሁ። የሲአርቪው 1.5 ቱርቦ በብርድ አገር፣ አጭር አጭር መንገድ ላይ ቤንዚን ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቅል ነበር፣ 2017 እና 2018ቶቹ ላይ ሆንዳ ዋስትና አራዝሟል። ራቭ ፎርን ከ2013 እስከ 2018 ያሉትን ቶዮታ በ2023 ወደ 1.85 ሚሊዮን ጠርቷቸዋል፣ መጠኑ ያነሰ ባትሪ ከተገጠመ በመታጠፊያ ላይ ተንሸራቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል ተብሎ። የሂዩንዳይ ቱሰን ደግሞ ኤቢኤስ የሚባለው የፍሬን መቆጣጠሪያ ክፍሏ በቆመችበት ሊያጨስ ስለሚችል «ከቤት ውጭ አቁሟት» የተባለላት ናት። ልዩነቱ የራቭ ፎሩ ባትሪ ማሰሪያ በነፃ ይስተካከላል፣ ያልቃል። የሮግ ካምቢዮ ግን በየቀኑ አብሯችሁ የሚነዳ ነገር ነው።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ «ላኪልኝ» ይላል። ይህቺኑ መኪና እዚያም ዱባይም ኤክስትሬል ነው የሚሏት። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ ወሬው እዚያው ያልቃል። ባይከለከልም አልልክለትም ነበር፤ የእንጦጦን ዳገት ሲቪቲ ላይ በየቀኑ መጫን ለወንድም አይደረግም።

ለኡበር ለሚጠይቁኝም መልሴ ያው ነው፣ አትግዙ። በዓመት 40 ሺህ ማይል፣ በጋ ላይ፣ ኤርኮንዲሽን ተከፍቶ፣ አራት ሰው ተጭኖ፣ ቆም ሂድ፤ ዘይቱን የሚያሞቀው በሙሉ አንድ ላይ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ለማድረስና ለሥራ ለምትፈልጓት ግን፣ የዘይት ቅያሬ ወረቀት ያላትን፣ አንድ ባለቤት የነበራትን፣ 2017 ወይም ከዚያ በኋላ ያለችውን፣ ዋጋዋ ከሲአርቪው ቢያንስ በሦስት ሺህ ከወረደ ግዙ እላለሁ። ያ ሦስት ሺህ ባንክ ይቀመጥ። ወረቀት የሌላትን ቆንጆ አትዩዋት።

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴን ልጅ ይዤ አንዲት 2018 ልናይ ሄድን። ነጭ፣ 71 ሺህ ማይል፣ ተወልውላ እንደ ጥርስ ታብለጨልጫለች። እሱ ገና ከሩቅ ፎቶ አነሳት። ሻጩን «ሀይዌይ ላይ ግማሽ ሰዓት እንንዳት» አልኩት። «ብሎኩን ዞራችሁ መመለስ ትችላላችሁ» አለ። ለምን ስለው፣ ኢንሹራንሱ ነው፣ ቤንዚኑ ነው፣ አለቃው የለም፣ ምክንያቱ እየተቀያየረ መጣ። የአክስቴ ልጅ በአማርኛ «በቃ እኮ ደህና ናት፣ ትነሳለች» ይለኛል። ኮፈኑን በእጄ ዳሰስኩት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ማንም አልነዳትም። ብሎኩን ዞርን፣ ምንም አልተሰማንም፣ ቁልፉን መልሰን ወጣን።

ልጁ እስከ ዛሬ አላናገረኝም። ሲያናግረኝ ጋሼ ጋ እወስደዋለሁ።